ገመቹ ብረት ሲያወርድ

ክብደት የሚያነሳ ሰው ስናይ የሁላችንም ዓይን ወደ ላይ ነው። ብረቱ ከአናቱ በላይ እስኪደርስ ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ሲደርስ እናጨበጭባለን። ሲወርድ ማን ያየዋል? እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ገመቹን እስካይ ድረስ ማለቴ ነው።

ገመቹ ከወለንጪቲ መጥቶ ናዝሬት ከእኔ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየ ጓደኛዬ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሥራ የለውም። አንድ ፋብሪካ የስፖርት ቡድን ሊያቋቁም ነው፣ በክብደት ማንሳት ያሸነፈ ይቀጠራል የሚል ወሬ ሰማ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣ።

ብረት ከየት ይምጣ? አሮጌ የውሃ ቧንቧ ፈልገን በሁለቱም ጫፍ የዘይት ቆርቆሮ አደረግንና ከቀበሌው ግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ ሞላንበት። ማማሩ! ገመቹ የመጀመሪያ ቀን አንስቶ እንደ ሻምፒዮን መሬት ላይ ለቀቀው። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። አከራያችን እትዬ ዘሀራ እየሮጡ ወጡ። የወሎ ሴት ናቸው፣ ሲቆጡም ይመርቃሉ። «አላህ ጉልበታችሁን ይጨምርላችሁ፤ ግድግዳዬን ሁለተኛ ካንቀጠቀጣችሁት ግን ጓዛችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ!» አሉን።

ስንጥቁን በሽቦ ጠፍረን አሰርነው። ሌላ ሲሚንቶ እንዳንገዛ የሚሸጠው በቀበሌ ፈቃድ ነው። ለጡንቻ ተብሎ ማመልከቻ ይጻፋል እንዴ? ከዚያ ወዲህ ገመቹ ያቺን ቧንቧ እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት።

ወራት አለፉና ቀለለችው። እኔ ብሆን እዚያ ላይ አቆም ነበር፤ የሚጨመር ከሌለ ምን ይደረጋል? እሱ ግን አሰበና፣ «ሲሚንቶው ካልጨመረ እኔ እዘገያለኋ!» አለኝ። ዘገየም። ከአናቱ ወደ መሬት ማውረድ ሲጀምር እኔ ፊቴን ልታጠብ እወጣለሁ፤ ስመለስ ገና ደረቱ ላይ ነው። እሱም ሲቀለው መሀል ላይ ገትሮ ይይዛትና ለእትዬ ዘሀራ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» እያለ እንዴት አደሩ ይላቸዋል። እሳቸው «ኧረ በአላህ መጀመሪያ አስቀምጠው!» ይላሉ። ያው ቧንቧ፣ ያው ሲሚንቶ፤ ሰውዬው ግን በየወሩ ሌላ ሰው ይሆናል። ጉድ ነው እኮ! ከምንም ላይ ጉልበት ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ እውነተኛ ብረት ቀርቧል። ሰው ሁሉ ያነሳል፣ ዳኛው «በቃ!» ሲል ይለቃል፣ ወለሉ ይናጋል። ገመቹ አነሳ። «በቃ!» ተባለ። እሱ እቴ! እጁ መጣል አያውቅማ፣ ቀስ እያለ ያወርደው ጀመር። ሕዝቡ ሳቀ። ክብደቱ ተጨመረ፤ አሁንም አንስቶ ቀስ። ሳቁ ቀነሰ። ደግሞ ተጨመረ። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ብረቱ ግን አይቸኩልም። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሰው ልጅ እንዲህ መሆን ይችላል?

በመጨረሻ ገመቹና አንድ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ ቀሩ። የሞጆው አነሳ፣ ጣለ፣ ተጨበጨበለት። ገመቹ ደረቱ ድረስ አደረሰና አቃተው። ጉልበቱን በማውረድ ጨርሶታላ! ተሸንፎ እንኳ አልጣለውም፤ ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠው። እንባዬ መጣ።

«ምነው ብትጥለው? ብረት እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ቢሰነጠቅስ?» አለኝ እያለከለከ።

ፊት ወንበር ላይ የነበሩት የፋብሪካው ኃላፊ ሰሙት። ብድግ ብለው፣ «ጓድ፣ የሕዝብ ንብረት እንዲህ ሲያዝ አይቼ አላውቅም!» አሉና እዚያው ቀጠሩት።

የሞጆው ቡድኑ ውስጥ ገባና ብረት ሲያነሳ ኖረ። የእኛን ጉደኛ ግን ጠባቂ አድርገው የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት። ለዚህ ነው ልጆቼ ስፖርት ምን ይሰጣል ብለው ሲጠይቁኝ፣ ወንበር ይሰጣል የምላቸው።