የሞተር አዳማጩ ጎረቤት

በየመንገዱ አንድ አዳማጭ አለ። ቤት ስትገዛ ስለ ጣራው ፍሳሽና ስለ ግድግዳው ርጥበት ይነግሩሃል እንጂ ስለ እሱ ማንም ትንፍሽ አይልም። እሁድ ጠዋት የአሮጌ መኪናህን ኮፈን ከፍ ማድረግህ ብቻ ይበቃዋል፤ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ፣ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ከች ይላል። አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንተ ወር ሙሉ ፈልገህ ያጣኸውን ችግር በአንድ ቃል ይነግርህና ሻዩ ሳይበርድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው መውደድ ከባድ ነው።

ዮርክሸር ውስጥ፣ ከኮረብታው ሥር ባለችው በእኛ መንገድ፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ሊቀ ሞተር ክሊፎርድ ሰግደን ነበሩ። ክቡርነታቸው በጡረታ ላይ ያሉ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ችግሩን ልትነግራቸው ስትጀምር እጃቸውን ያነሣሉ፤ «ቆይ፣ አንተ አትንገረኝ። እሷ ትንገረኝ» ይላሉ። እሷ የሚሏት መኪናዋን ነው። የቄሱን መኪና ከመስኮታቸው ሳይወርዱ «ካንዴላ!» ብለው ጮኸው አድነዋታል። የወይዘሮ ቲንዳልን ባል ልንቀብር ጥቁር በጥቁር ለብሰን ቆመን ሳለ እንኳ፣ አስከሬኑን የጫነው መኪና ደርሶ ሲቆም፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «የውሃው ፓምፕ» ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል። ሹፌሩ በሳምንቱ መጥቶ አመስግኗቸዋል ይባላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው በርናርድ ሆልሮይድ በቅናት ይቃጠል ነበር።

በርናርድ፣ እሱ ጎረምሳ ሳለ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና አለችው። ይወዳታል። ለገዛ ጫማው የማያደርገውን ለጎማዎቿ ያደርጋል። እሷ ግን ለእሱ አትነሣም፤ ብትነሣም ጉብታ ላይ ዘለል ስትል ቀጥ ትላለች፤ በተለይ አደባባይ መሃል መቆም ትወዳለች። ባትሪ ቀየረ። ካንዴላ ቀየረ። ለካንዴላው እሳት የሚልከውን ቦቢና ሳይቀር ቀየረ። ወይ ፍንክች!

ክሊፎርድ ሲቀመጡባት ግን በአንድ ቁልፍ ትነሣለች።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚሆነው በርናርድ በሌለበት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለእረፍት ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ የሚተወው ለበርናርድ ስለሆነ፣ በርናርድ ያንን ሁሉ ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አንጠልጥሎ እያቅጨለጨለ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ድመት ይመግባል፣ አበባ ያጠጣል። እሱ ሲወጣ ሚስቱ ዶሪን ወጥ ቤት ምስማር ላይ የተሰቀለውን ትርፍ ቁልፍ ታነሣና ክሊፎርድን ትጠራለች። ሲመለስ የገዛ መኪናው ከሰው ጋር መንገዱን ሽቅብ ስትዘፍን ይደርሳል። ዶሪን በር ላይ ቆማ ታጨበጭባለች።

«ምን አደረግካት?» ይላል በርናርድ።

«ምንም። አዳመጥኳት» ይላሉ ክቡርነታቸው። ከዚህ መልስ ጥፊ ይሻላል።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። በሰኔ ወር የመጀመሪያው እሁድ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ተሰልፈው ወደ ባሕር፣ ወደ ዊትቢ ይወርዳሉ። በርናርድና ዶሪን አምናና ካቻምና ከዚያ ጉዞ የተመለሱት በተበላሸ መኪና ጫኝ ላይ ተቀምጠው ነው።

«ዘንድሮ ካልተነሣች እኔ ከክሊፎርድ ጋር ነኝ» አለች ዶሪን። «እሱ እንደሁ አሮጌ መኪናው ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ የለው።»

«ከክሊፎርድ ጋር? መንገዱን ሙሉ ስለ ፍሬን ሲያወራ ልትሰሚ?»

«ያውራ። ቢያንስ እየሄደ ነው የሚያወራው።»

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ እንደገና እምቢ አለች። በርናርድ ኩራቱን ውጦ መንገዱን ተሻገረ። ክቡርነታቸው ሲጠብቁት የቆዩ ይመስል የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው በሩን ሲከፍቱ የበለጠ ተናደደ።

«ና ተቀመጥ እስቲ» አላቸው። «እንዲያው ዓይኔ እያየ ስትነሣልህ ልየው።»

ክሊፎርድ ገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእነተንጠልጣዩ የበርናርድን ቁልፍ አዞሩ። ጸጥ። ደግመው አዞሩ። ጸጥ። አበባ ትኮተኩት የነበረችው ወይዘሮ ቲንዳል መኮትኮቻዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

በርናርድ ደስ አለው። ነገ ሚስቱ በማን መኪና እንደምትሄድ እስኪያስታውስ ድረስ በጣም ደስ አለው።

«ለእኔ እምቢ ብላ አታውቅም» አሉ ክሊፎርድ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

«እሰይ! አሁን ገና ስሜቴ ገባህ።»

ዶሪን እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ወጣች። «ሁለታችሁ እዚያ ከምትላቀሱ፣ ክሊፎርድ፣ ሁሌ የምሰጥህን ቁልፍ እንካ።»

ከምስማሩ የመጣው ቁልፍ ባዶውን ነው፤ ክር እንኳ አልታሰረበትም። ክሊፎርድ አዞሩት። መኪናዋ ተነሣች።

«ይኸው! እኔን ስለምትጠላ ነው!» ብሎ በርናርድ ኮፈኑን በጡጫ መታ።

ክሊፎርድ ግን አልሳቁም። ሞተሩን አጠፉና ሁለቱን ቁልፎች በሁለት መዳፋቸው ይዘው መዘኑ። «በርናርድ፣ ይሄ ምንድን ነው? የወህኒ ቤት ጠባቂ ነህ?» የበርናርድን ቁልፍ መልሰው አስገቡና አዞሩ፤ ጸጥ። ተንጠልጣዩን ሁሉ በመዳፋቸው ደግፈው እንደገና አዞሩ፤ ተነሣች። መዳፋቸውን ለቀቁ፤ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ግልጽ ሆነ። ባትሪውን ነቀሉ፤ በርናርድ በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱን ከመሪው ሥር ከተተ። ከቁልፍ ማስገቢያው ኋላ ያሉት ሽቦዎች ልባሳቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዋናው በሁለት ቀጫጭን ክሮች ብቻ ተይዟል። ያ ሁሉ ቁልፍ በተወዛወዘ ቁጥር ያረጀውን ማስገቢያ ወደ ታች ሲጎትተው ሽቦው ይላቀቃል፣ እሳቱ ይቋረጣል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሳንቃት የኖርኩት እኔው ነኝ?»

«አንተ አይደለህም፤ ሸክምህ ነው። ተነሥ፣ እኔ ልቁረጠው።»

«በሕይወት እያለሁ አትቆርጣትም!»

ስለዚህ ሽቦውን በርናርድ ቆረጠ፣ ልባሱን ላጠ፣ ክሊፎርድ ከቤታቸው ያመጡትን አዲስ ሽቦ ቀጠለ። ክቡርነታቸው የሹፌሩ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባትሪ መብራቱን ያበሩለታል፤ በሌላ እጃቸው ቁልፎቹን ይነካካሉ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የወይዘሮ ቲንዳል።»

«ይሄስ?»

«የቄሱ። መብራቱን ከፍ አድርገው እንጂ!»

«ይሄ ሰማያዊ ክር ያለው?»

«የመንትዮቹ እናት። እሷ ሥራ ስታመሽ እራት የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ምነው?»

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። ክሊፎርድ ቁልፎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ለእኔ ማንም ቁልፍ ሰጥቶኝ አያውቅም» አለ። «ለእኔ ኮፈን ነው የሚከፍቱልኝ። ዘግተው ይገባሉ።»

በርናርድ ከመሪው ሥር እጁን ከሽቦው ላይ አነሣ። የክሊፎርድ መስኮት ሁሌ ክፍት የሚሆነው ለሞተር ብቻ ይመስለው ነበር። ለካ ሰውየው ሻዩን ይዞ፣ የበርናርድ ቁልፎች እየተቅጨለጨሉ ከቤት ቤት ሲሄዱም ያዳምጥ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ እርስ በርስ ሲቀናኑ ኖረዋል ማለት ነው።

«ብሎን ማጥበቂያውን አቀብለኝ» አለ በርናርድ፤ ድምፁ ግን ለስለስ ብሏል።

እሁድ ጠዋት ዶሪን የሻይ ፔርሙዟንና ሳንድዊቿን ይዛ በበርናርድና በክሊፎርድ መኪኖች መሃል ቆመች። በርናርድ ያንን ባዶ ቁልፍ አዞረ። መኪናዋ ተነሣች፤ ዶሪን ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። ይህን ጊዜ በርናርድ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና መንገዱን ተሻገረ።

«እነዚህን ያዝልኝ። ለመኪናዬ ይከብዷታል።»

«የሰው ቤት ቁልፍ ነው እኮ!»

«አዎ። ለየቤቱ ነግሬያለሁ። ቀይ ሪባን የታሰረበት የእኛ ነው፤ ከዊትቢ ስንመለስም አንተ ጋ ይቆያል።»

ክሊፎርድ ቁልፎቹን በሁለት እጁ ተቀብሎ በመኪናው ውስጥ ማንም ተቀምጦበት በማያውቀው የጎን ወንበር ላይ አኖራቸው፤ ከዚያም ቀበቶውን ስቦ አሰረላቸው።

ዶሪን በመስታወቱ አየችው። «አየኸው ይሄን ሰው? ቀበቶ አሰረላቸው! አንተ በዚህ ሁሉ ዘመን ለእኔ አስረህልኝ ታውቃለህ?»

በርናርድ ጥርሱን ነከሰ። ቅናቱ እንደገና ተነሣበት። ጎንበስ ብሎ የዶሪንን ቀበቶ አሰረ፤ የመጀመሪያውን ጉብታ ሲያልፍም መኪናዋ ቀጥ አላለችም። መንገዱ ጫፍ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ፣ ያ የማይወደድ ሰውዬ ከእነቁልፎቹ እስኪደርስበት ጠበቀው።