የጉበቴ ዘበኞች

[የሐኪም ቤት ኮሪደር። ሁለት ወንድማማቾች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅየው የመድኃኒት ቤት ዘበኛ ነው። ታናሽየው አናጢ ነው፤ ጉበቱን ታሞ የደም ምርመራ ውጤቱን ይዟል። ዘበኛው ከወንድሙ ፈቀቅ ይላል።]

አናጢ፦ ጋሼ፣ ምን ያሸሽሃል?

ዘበኛ፦ ኩፍኝ ይዞሃል። ወረቀትህን አይቼዋለሁ።

አናጢ፦ ኧረ እኔን የሚያመኝ ጉበቴን ነው።

ዘበኛ፦ «የኩፍኝ ፀረ እንግዳ አካል፣ በጣም ከፍተኛ» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት መድኃኒት ቤት በር ላይ የቆምኩት ለጌጥ መሰለህ?

አናጢ፦ ሐኪሟ ግን «ኩፍኙ የለም፣ ያለው ዘበኛው ነው» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ሲይዘኝ ሰውነቴ የቀጠረው፣ በሽታውን የሚከላከል።

ዘበኛ፦ ሌባ በሌለበት ዘበኛ ምን ይሠራል?

አናጢ፦ የናንተ መድኃኒት ቤት ስንቴ ተዘርፏል?

ዘበኛ፦ አንድም ቀን።

አናጢ፦ ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?

ዘበኛ፦ እሱን ተወውና፣ ጉበትህን ማን መታው?

አናጢ፦ የገዛ ዘበኞቼ። ነገሩ ተደበላልቆባቸው፣ የኩፍኙም የሌላውም በሽታ ዘበኛ ያለ ልክ በዝቷል። ከመሃላቸው ጉበቴን ሌባ ነው ብለው የሚደበድቡት አሉ።

ዘበኛ፦ የዘበኛ ስም አታጥፋ። ዘበኛ የቤቱን ባለቤት አይመታም።

አናጢ፦ ባለፈው ወር አለቃህን በዱላ ያልከው ማን ነበር?

ዘበኛ፦ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ መጣ፤ በምን ልለየው?

አናጢ፦ ጉበቴም ምን አድርጎ እንደቀረባቸው እንጃ።

ዘበኛ፦ መድኃኒት ሰጠችህ?

አናጢ፦ ዘበኞቹን የሚያረጋጋ ኪኒን።

ዘበኛ፦ እንዳትውጠው። ዘበኛ አስተኝቶ በር መክፈት ነው። አምጣው።

አናጢ፦ [ኪኒኑን ኪሱ ይከታል] በዚህስ አልሰማህም፣ ጋሼ። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ልጆቼ ከፈሩኝ ወር አለፈ። እውጠዋለሁ።

ዘበኛ፦ እንግዲያው ከበሽተኛ ጋር አልቀመጥም። አብሬህ ስመረመር የኔ የኩፍኙ ዜሮ ነው የወጣው። ንጹሕ ዜሮ። [ተነሥቶ ኮሪደሩ ጥግ፣ ነርስ ለብቻዋ ያስቀመጠቻት፣ ፊቷን በሻርፕ የሸፈነች ሴትዮ አጠገብ ይቀመጣል።]

አናጢ፦ ጋሼ።

ዘበኛ፦ አትጥራኝ።

አናጢ፦ ዜሮ ማለት ኩፍኝ ይዞህም፣ ተከትበህም አታውቅም ማለት ነው። በርህ ላይ ማንም የለም።

ዘበኛ፦ ይሁና። እዚህ ደግሞ ምን ሌባ አለ?

[ሴትዮዋ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ታስላለች። ፊቷ በሙሉ ቀይ ሽፍታ ነው።]

አናጢ፦ ለካ ነርሷ ለብቻ ያስቀመጠቻት ኩፍኝ ስለያዛት ነው። ና በል፣ ተመለስ፤ እኔ ጋ ዘበኛ ሞልቷል።