የመምህር ይበልጣል ዝምታ

ለመሆኑ በሥራው ፈጽሞ የማይጠራጠር የሙዚቃ ደራሲ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ወደ እስቴ ወረዳ ብቅ በሉ። እኔ ትሮምቦን በምነፋበት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ማርሽ ባንድ ውስጥ አንድ አለን፤ መምህር ይበልጣል ይባላል። በየወሩ አዲስ ድርሰት ያመጣልናል። ስህተት የሚባል ነገር በእኛ ጉንጭ እንጂ በእሱ ወረቀት ላይ ተገኝቶ አያውቅም።

ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት መክፈቻ የደረሰው ሥራ ግን መሀሉ ላይ ረጅም ዝምታ ነበረው። «የሥራው ልብ እሱ ነው» አለን። እሺ ብለን በመክፈቻው ዕለት ነፍተን ነፍተን፣ ቦታው ላይ ስንደርስ ዝም አልን። በእኛ አገር ደግሞ ነገር ሲያልቅ አባት ተነስቶ ይመርቃል እንጂ እንዲሁ ዝም ተባብሎ ይተያያል እንዴ? ከፊት የተቀመጡት ቄስ አዳነ ብድግ አሉ።

«የነፉትን ትንፋሽ አያሳጥርባቸው! የሰማነውን ለከርሞ በጤና ያድርሰን!»

ሕዝቡ «አሜን!» አለ።

«አባቴ፣ ገና አላለቀም!» ብሎ መምህር ይበልጣል እኛን የሚመራበትን በትር አወናጨፈ። ቄሱ ደንግጠው ተቀመጡ፤ እኛም ቀጠልን።

በመጨረሻ የእውነት አለቀ። መምህሩ ዞሮ እጅ ነሳ። የሚያጨበጭብ የለም፣ የሚንቀሳቀስም የለም። ሕዝቡ ቄሱን ያያል፤ ቄሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። መምህሩ እንዳጎነበሰ ቆይቶ ቆይቶ፣ ወገቡ ሲደክመው ቀና አለ።

«አባቴ፣ አሁን አልቋል እኮ። ይመርቁን እንጂ።»

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

ያ የማይጠራጠር ሰው ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥ አድርጎ አየ።