ዘጠኝ እርምጃ

የቆመ ነገር የት እንዳለ ለመናገር የሚቸገር ሰው የለም። ዛፉ እዚያ ነው፣ ቤቱ እዚህ ነው፣ አለቀ። ነገሩ መሄድ የጀመረ እንደሆነ ግን ጉድ ይፈላል። ዓይናችን ትዕግሥት የለውም፤ የሚሄደውን ነገር ገና ሳይደርስ ያደርሰዋል። ካላመናችሁኝ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር በጠራራ ፀሐይ የአንድ ሾፌር አንገት ያነቅሁበትን ቀን ልንገራችሁ።

አማቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጨንቻ ወርደው ነበር። ከሐኪም ስንወጣ የግራው በፋሻ ተሸፍኗል። ባለቤቴ ደውላ «እናቴን አደራ!» ስላለችኝ እጃቸውን ይዤ እንደ ቤተ መንግሥት አጃቢ እየተንጎራደድኩ ነው። ምን ያደርጋል፣ አንድ ጓደኛዬን ሰላም ልል ለቀቅኳቸው። እሳቸው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ፈትል የምትሸጥ ሴት አዩ። የሸማኔ ሚስት ናቸውና ፈትል አይተው አያልፉም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ነው፤ አማትን በበሬ መመሰል ነውር ባይሆን።

ዞር ስል መሀል አስፋልት ላይ ናቸው። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ከምዕራብ ዓባያ በኩል እየበረረ መጣ። ፍሬኑ ሲጮህ፣ ጎማው የነጠላቸውን ጫፍ ሲነካ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ከዚያ ጨፈንኩ። በጨለማው ውስጥ የታየኝ የባለቤቴ ፊት ብቻ ነበር።

ስገልጥ አማቴ ማዶ ቆመው ፈትል ይዳብሳሉ። ተመስገን ብሎ ዝም ማለት ሲገባኝ ሮጬ የሾፌሩን አንገት አነቅሁ። «ነጠላቸውን ነክተሃል!» አልኩት። እሱ መኪናውን ከሩቅ እንዳቆመ ማለ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ የቀረው ስንዝር ነው አለ፣ ሌላው ገፍቷቸዋል አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ የነበረው ጓደኛዬማ፣ በላያቸው ላይ አልፏል ብሎ ሊምል ትንሽ ነው የቀረው።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣና አማቴን ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ሲያልፉ መኪናው የት ደርሶ ነበር?»

«መኪናውማ ቆሟል። የሄድኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ያለፉበትንም ቦታ በጣታቸው አሳዩት። ፈትል ሻጯም ልክ ናቸው አለች።

ፖሊሱ የጎማው ጥቁር ምልክት ካበቃበት ተነሥቶ በእርምጃ ለካ። ዘጠኝ! እፍረቱም እፎይታውም አንድ ላይ መጣብኝና ያነቅሁትን አንገት አቅፌ ሳምኩት። ሾፌሩም፣ ፈጣሪ ይባርከው፣ ሳቀ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ወሬው ቀድሞን ደርሷት ኖሮ በር ላይ ቆማለች። የት ነበርክ፣ እጃቸውን ይዘህ አልነበረም ወይ ልትለኝ አፏን ስትከፍት አማቴ በጋሞኛ ቀደሟት። መኪናው ሊደፈጥጠኝ ሲል ባልሽ ዘሎ፣ ክንዴን ይዞ፣ ጎትቶ አወጣኝ አሏት። ባለቤቴ እያለቀሰች አቀፈችኝ።

እውነቱን ልናገር ነበር። ግን አማቱን ፊት ለፊት «ዋሽተዋል» የሚል ደፋር ማን ነው? ይኸው አሁን ምን እንደሚሻለኝ እንጃ፤ ዘልዬ ስጎትታቸው፣ ክንዳቸው መዳፌ ውስጥ ሲገባ፣ የአይሱዙውም ነፋስ ጆሮዬን ሲመታኝ ቁልጭ ብሎ ትዝ ይለኛል።