የቀመር ደም በድምፅ ብልጫ የተመረመረበት ስብሰባ

ቀን፦ ኅዳር 11/2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ ወለቃ በር ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒት መጋዘን (አዳራሹ በሥልጠና ስለተያዘ)

የተገኙ፦
1. አቶ አድማሴ፣ ሊቀመንበር
2. ሼህ ሰዲቅ፣ የሕዝብ ተወካይ
3. ወ/ሮ እፀገነት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
4. ሙሐሲን፣ ጸሐፊ

ከጤና ጣቢያው ቦርድ ሰባት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ከጠዋቱ 3፡20 ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የጉበት ቫይረስ የደም ምርመራችን ትክክለኛነት

የሻይ ክበባችን ሠራተኛ ወ/ሪት ቀመር ከሦስት ሳምንት በፊት በፈጣን መመርመሪያ ቫይረሱ አለብሽ ተብላ ከሥራ ታግዳለች። ደጎሎ ሄዳ ብትመረመር የለብሽም ተብላለች። ሊቀመንበሩ "የመካነ ሰላም ደም በደጎሎ አይታረምም" አሉ። ወ/ሮ እፀገነት ፈጣን መመርመሪያ ሊሳሳት እንደሚችል፣ ናሙናው ደሴ ተልኮ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ እንዳለበት፣ ቫይረሱም በብርጭቆ እንደማይተላለፍ አስረዱ። ሊቀመንበሩ ማብራሪያው ስለረዘመ ድምፅ እንዲሰጥ አዘዙ። ሼህ ሰዲቅ "አላህ የሚያውቀውን እኛ እጅ በማውጣት አንወስንም" ብለው ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከረጅም ውይይት በኋላ መመርመሪያው ትክክለኛ እንደሆነ፣ ቀመርም ቫይረሱ እንዳለባት በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ውሳኔውን እንድትሰማ ቀመር ተጠራች።

አጀንዳ 2፦ ውሳኔውን በተግባር ማሳየት

ሊቀመንበሩ "ጤነኛ ሰው ላይ ምን እንደሚል ትይ" ብለው ጣታቸውን ለመርፌ ሰጡ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሁለት መስመር፣ ማለትም ቫይረሱ አለ የሚለው ምልክት፣ ታየ። ሊቀመንበሩ አንደኛው መስመር ጥላ መሆኑን ገልጸው መብራት እንዲበራ አደረጉ። መብራቱ ሲበራ መስመሩ ይበልጥ ጎላ። ሊቀመንበሩ ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ "እነሱስ?" ሲሉ ወ/ሮ እፀገነትን ጠየቁ። ቀጥሎም መመርመሪያው በአስቸኳይ እንዲታገድ አዘዙ።

ቀመር "ወላሂ፣ እኔ ሦስት ሳምንት አልቅሼ ያልታገደ፣ ለጋሼ በሁለት ደቂቃ ታገደ?" ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ቢሆንም ተመዝግቧል። ሼህ ሰዲቅ "አብሽሪ ልጄ። አድማሴ፣ እርስዎም አብሽሩ" አሉ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የመመርመሪያው እገዳም ጭምር፣ ተሽሯል። ቀመር ዛሬውኑ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የሁለቱም ደም በአንድ መኪና ደሴ ይላካል። በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ስብሰባው 5፡05 ተዘጋ።

ሊቀመንበሩ ፈርመው እስክሪብቶውን ለቀጣዩ ፈራሚ ዘረጉ። ቀጣዩ ፈራሚ፣ ማለትም ጸሐፊው፣ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ቀመር ተቀበለቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።