የቢሻሮ ደቂቃ

ተዋሽ የሌለበት ሰፈር የለም። መብራት የሌለበት ይኖራል፣ ውሃ የሌለበትማ ሞልቷል፤ «ሙቀጫሽን ለደቂቃ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ካርታ ላይም አይገኝም። ጅግጅጋም ብዙ አሏት። የሁሉም አለቃ፣ ክብርት ወይዘሮ ቢሻሮ፣ የአትጠገብ የግድግዳ ጎረቤት ነበረች።

አትጠገብ ከጎጃም መጥታ እዚህ ሱቅ ከከፈተች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ቢሻሮ ያልተዋሰችው ነገር ቢኖር የአንገቷን ማተብ ብቻ ነው። ሙቀጫውን፣ ወንፊቱን፣ መሰላሉን ተውሳለች፤ አንዴማ እንግዳ መጣብኝ ብላ የሱቁን መጋረጃ ከነሽቦው ነቅላ ሄዳለች። «ለደቂቃ ብቻ ነው፣ አባዮ» ትላለች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ የቢሻሮ ደቂቃ ደግሞ በሌላው ሰው አቆጣጠር ሦስት ቀን ነው። አትጠገብ ጭኗን በጥፊ ጧ አድርጋ «ኧረ ጉድ!» ትላለች፣ ትሰጣታለች። እውነት ለመናገር የሄደው ሁሉ ታጥቦ ይመለሳል። መጋረጃው እንኳን ቀዳዳው ተሰፍቶ ነው የመጣው።

ይቺው ሴትዮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማዋ ሴቶች ከበሮ መቺ ነበረች። ቡራንቡር የሚሉት፣ ሴቶች ብቻቸውን ተሰብስበው ግጥም እየደረደሩ የሚጨፍሩበት የሰርግ ጨዋታ፣ ያለ ቢሻሮ አይደምቅም። በ2006 ክረምት ግን እጇን ቁርጥማት ያዛት። መዳፏ አብጦ ከበሮ መምታት ቀርቶ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃታት። የእህቷ ልጅ ሂቦ ልትዳር ወር ሲቀራት፣ የሙሽራዋ አባት ኪቦርድ የሚጫወት ሰውዬ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጣለሁ አለ። ይህን የሰማች ዕለት ቢሻሮ ወደ ሱቁ መጥታ፣ ምንም ሳትዋስ ተቀመጠች። አትጠገብ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደንግጣ አታውቅም።

«ለሂቦ ካልመታሁ» አለች ቢሻሮ፣ «ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠራኝም።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በዚያው ሰሞን የሂቦ ወንድም ጉሃድ፣ ጅቡቲ ድንበር ደወሌ ላይ ዕቃ አስተላላፊ የሆነው፣ ለአክስቱ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ይዞላት መጣ። ደብተር ታህላለች። ላይዋ ላይ አሥራ ስድስት የጎማ ቁልፎች አሉባት፤ ጣት ሲያርፍባቸው አንዱ እንደ ከበሮ፣ አንዱ እንደ ጭብጨባ ይጮኻል። ጉልበት አትፈልግም፣ በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃታል። ደግሞ ያሰሟትን ድምፅ ሁሉ ይዛ ታስቀራለች። ጉሃድ ይህን የመጨረሻውን ባይነግራት ኖሮ ሰፈሩ ሰላም ውሎ ሰላም ባደረ።

ቢሻሮ ድምፅ መዋስ ጀመረች። አትጠገብ በርበሬ ስትወቅጥ ሰሌዳዋን ከሙቀጫው አፍ አጠገብ ደቅና፣ ድምፁን ብቻ ነው፣ ለደቂቃ፣ አለቻት። አትጠገብ ድምፅ እንዴት እንደሚዋሱት ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሰሌዳዋ ድው አለች። የገዛ ሙቀጫዋ ከጎረቤት ጭን ላይ ሲናገር ሰምታ አማተበች፣ ጭኗን መታች፣ የለመደችውን ጮኸች። በማግስቱ የሱቁ የብረት በር ድምፅ ሄደ። ከዚያ የጄሪካኑ፣ ከዚያ የመጥረጊያው። ቢሻሮ በሁለቱ ደህና ጣቶቿ ሙቀጫውን በበሩ ላይ፣ መጥረጊያውን በጄሪካኑ ላይ እየደራረበች፣ ሲበላሽባት ከመጀመሪያው እየጀመረች፣ ቀኑን ሙሉ ትቀጠቅጣለች። አንደኛውን ሳምንት የአትጠገብ ራስ ሊፈርስ ደረሰ። በሁለተኛው ግን ደንበኞች ስኳር እስኪመዘንላቸው ቆመው ሳያውቁት ትከሻቸውን ይነቀንቁ ጀመር።

የሰርጉ ዋዜማ ቢሻሮ የሰሌዳዋ ባትሪ ድንጋይ በልምምድ አለቀብኝ ብላ አራት ልትዋስ መጣች። አትጠገብ እዚህ ላይ ተናደደች። ሙቀጫስ ይመለሳል፤ ድንጋይ ተውሶ የመለሰ ማን አለ? መደርደሪያው ላይ አዲስ ሞልቶ ሳለ ጓዳ ገብታ ከሬዲዮዋ ሆድ አራቱን አሮጌ ፈልቅቃ ሰጠቻት። ሬዲዮው ዜና አንባቢውን እንደ ሰካራም ማስጎተት ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ቢሻሮ መርቃት ሄደች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ድንኳኑ በሴት ሞላ፤ አትጠገብም መሃላቸው ተቀምጣለች። ባለ ኪቦርዱ ሰውዬ፣ ድንገት ከተፈለገ ተብሎ፣ ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ቢሻሮ ሰሌዳዋን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ጭኗ ላይ ስታኖራት፣ አንዲት አሮጊት ካልኩሌተር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የዱሮውን ከበሮም ከልማድ ብዛት ይዛው መጥታ እግሯ ሥር አስቀምጣዋለች።

ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። ሙቀጫው ድው አለ፣ በሩ መለሰለት፣ ሴቶቹ ተያዩ። ገጣሚዋ ተነስታ የመጀመሪያውን ስንኝ ስትጥል ጭብጨባው ተከተላት። ልክ ሲደምቅ ከማጉያው የጭን ጥፊ ጧ አለና፣ የአትጠገብ ድምፅ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ድንኳኑን ሞላው። ያን የበርበሬ ቀን ሰሌዳዋ ጆሮዋን አልዘጋችም ነበር። ሁለት መቶ ሴት ዞሮ አያት። አትጠገብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ ጭኗን መትታ እዚያው ያንኑ ደገመችው። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሦስተኛው ግጥም ላይ «ኧረ ጉድ» እየጎተተ፣ እየወፈረ ሄደ። ሙቀጫው አቃሰተ። ሰሌዳዋ ጠፋች፣ ገጣሚዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከኋላ አንዷ ሰውዬው ይጠራ አለች። ቢሻሮ ቁልፎቹን ደጋግማ ነካካች፤ ከዚያ ያበጡ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። አትጠገብ ያን አየች። ተነስታ ሄዳ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለች።

«ድንጋዩ የሬዲዮዬ ነው። አዲስ እያለኝ አሮጌ ሰጠሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ቢሻሮ ቀና ብላ አየቻት። አትጠገብ እርግማኗን ጠበቀች።

«እጅሽን አውሺኝ» አለች ቢሻሮ። «ለደቂቃ ብቻ።»

አትጠገብ በልጅነቷ በአገሯ ሰርግ ከበሮ መትታለች፤ ከዚያ ወዲህ ከሙቀጫ በቀር የመታችው ነገር የለም። ከበሮውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና መታች። የወጣው የጎጃም ምት ነው፤ ሴቶቹ ሳቁ። ቢሻሮ ከኋላዋ ቆማ ሁለቱን ጣቶቿን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፣ የጎማ ቁልፎቹን እንደምትነካቸው ቀስ ብላ ነካ ነካ ታደርጋት ጀመር። ጣቱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ መዳፏ ከበሮው ላይ ያርፋል። ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ያዘችው፣ ገጣሚዋም ካቆመችበት ቀጠለች። ደቂቃዋ እስከ ምሽቱ መግሪብ ሶላት ቆየች። ባለ ኪቦርዱ ሰውዬ ሩዙን መኪናው ውስጥ በልቶ ሄደ።

በነጋታው የአትጠገብ መዳፍ በተራው አብጦ ነበር። ቢሻሮ አራቱን አሮጌ ድንጋይ በጨርቅ ወልውላ መለሰችላት። አትጠገብ አፈረች። ከመደርደሪያው አራት አዲስ አውርዳ ሰጠቻት። ቢሻሮ ተቀበለች፣ ግን አልሄደችም። ሐሙስ አውበሬ ከተማ ሰርግ እንዳለ፣ ሰሌዳና ከበሮ ይዘን ሁለት ሆነን እንመጣለን ብላ ቃል እንደሰጠች ነገረቻት።

«እጄን መቼ ልትመልሺልኝ ነው?» አለች አትጠገብ።

«ለደቂቃ ነው ያልኩሽ፣ አባዮ።»

አትጠገብ ጭኗን ልትመታ እጇን አነሳች፤ መዳፏ ስላመማት ተወችው። ሐሙስ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ።