እግር በአማት ፊት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ያስተዋልኩት ግን፣ ጠርጣራ ሰው ጎረቤቱን፣ ሐኪሙንና ጨው ሻጩን ሁሉ ጠርጥሮ የገዛ እግሩን ማመኑን ነው። እግር ደግሞ ሲከዳ ማንም አያይበትም፤ በተለይ ቀሚሱ እንደኛ ረዥም ከሆነ።

የኔ የከዳኝ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዕቃ ሳሽግ ነው። ማታ ማታ ይከብደኛል፣ ያብጣል፣ ባቴ ላይ ደም ሥሩ ተገትሮና ተጠማዝዞ ይታያል። አፍሪዳር ሰፈር ያለችው ሐኪም፣ በዕብራይስጡ ሮፋዋ፣ ስታስረዳኝ፣ ደም ሥር ውስጥ ደሙን ወደ ላይ አሳልፈው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ አለችኝ። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል፤ ሥሩም ይወጠራል። መላው መራመድ፣ የሚያጠብቅ ካልሲ ማድረግና ቤት ሲገቡ ጋደም ብሎ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

ከልብ ከፍ! ይህቺ ሐኪም አማት የላትም ብዬ ጠረጠርኩ።

እኔ ግን አለችኝ። የባሌ እናት እማማ ድንቄ አብረውን ነው የሚኖሩት። በሳቸው ወግ ምራት በአማቷ ፊት እግሯን መዘርጋቷ ንቀት ነው፤ መስቀሏንማ ስሙን እናንተው አውጡለት። የመጀመሪያ ቀን ሳፓው፣ ማለትም ሶፋው ላይ ተጋድሜ እግሬን ትራስ ላይ ሳወጣ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሮፋዋ አዝዛኝ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«ሮፋዋ በአማትሽ ፊት እግርሽን ስቀይ ብላ አዘዘች?»

«ዳሊዮት የሚሉት በሽታ ነው እኮ፤ ደም ሥሬ አብጦ…»

«እኔ እንደሁ አልከብድሽም። ባርኔአ ሰፈር ሌላ ልጅ አለኝ።»

ባሌ በእናቱና በእግሬ መሃል ቆሞ ለሁለታችንም «በሴደር፣ በሴደር፤ እሺ፣ እሺ» ይላል። ሻንጣቸው ከቁም ሣጥን ወጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፈራሁ፤ እማማ ድንቄ ተቀይመው ከቤቴ ቢወጡ በምን ፊቴ ለቅሶ ቤት እገባለሁ? እግሬን አወረድኩ፤ እብጠቱም ባሰበት።

በተራዬ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ወፍራም ካልሲ ለምን ያደርጋሉ? ሲቀመጡስ አንዱን እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር የሚሸሽጉት ከማን ነው?

አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ በጊዜ ተለቀቅን። በሩን ስከፍት እማማ ድንቄ ሳፓው ላይ ተጋድመዋል፤ እግራቸው በኔው ትራስ ላይ! ቀሚሳቸውን ሊጎትቱ ሞከሩ፤ ግን አይቻለሁ። ደም ሥራቸው ከኔ የባሰ ተቋጥሯል። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቆዳው ጠቁሮ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁስል አለበት። ይህን ሁሉ ብቻቸውን ችለው ከርመዋል።

«ካንቺ የሰማሁትን ልሞክረው ብዬ ነው» አሉ፣ ዐይኔን ሳያዩ። «አማትስ በምራቷ ፊት እግሯን ትሰቅላለች?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እማማ» ብዬ በማግሥቱ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችላቸው፤ ለምን ዘገያችሁ ብላም ተቆጣች። ከዚያም ያንኑ የኔን ትእዛዝ ሰጠቻቸው።

ሻንጣው ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። አሁን ከሥራ ስመለስ ሁለታችንም እግራችንን ሰቅለን ፊት ለፊት እንጋደማለን። ባለፈው አንዲት ጎረቤት ገብታ ደንግጣ ብትቆም፣ እማማ ድንቄ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ምራቴ ታማብኝ ነው፤ ብቻዋን ሰቅላ እንዳታፍር ብዬ ነው እኔም የሰቀልኩ» አሏት።

እኔም ተነስቼ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። ቁስላቸው እየደረቀ ነው።